የፎቶው ሰውዬ

የጥቅሴ እናትና አባት ከተኳረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ኩርፊያ ሲባል የአንድ ሰሞን እንዳይመስላችሁ። አንድ ጣራ ሥር እያደሩ፣ ከአንድ ድስት እየበሉ፣ አንዲት ቃል በቀጥታ ሳይነጋገሩ ነው ሁለት ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁት።

«ለአባትሽ መስኮቱን ይዝጋው በይው» ትላለች እናት፤ አባት መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ እየሰማት። ልጅቷም «አባዬ፣ መስኮቱን ዝጋው» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «እናትሽን ዘጋሁት በያት» ይላል። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ ይህን የመላላክ ሥራ የወረሰችው ድመቷ ናት። አባት ማንኪያውን አስቀምጦ «ድመት፣ ሾርባው ጨው አንሶታል» ይላል። እናትም ቀና ሳትል «ድመት፣ ጨው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እጅ ያለው ያንሳ» ትላለች። የሰማ ሁሉ ይስቃል። ልጆቹም ይስቁ ነበር፤ ሌላ ምን ያድርጉ።

እናት ጡረታ እስክትወጣ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ አባት ልብስ ሰፊ። ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ እናት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኝታ በነበረበት ጊዜ የራሷ እናት ሞቱ። መርዶው የደረሰው ለባል ነው። ሐኪሞቹ ምንም ነገር እንዳያስደነግጣት ብለው አስጠንቅቀውት ስለነበር ዛሬ ነገ ሲል፣ ቁስሏ ይጠግግ ሲል፣ ቤቷ ከገባች በኋላም ትንሽ ትጠንክር ሲል ሰነበተ። በየቀኑ «እናቴ እንዴት ናት?» ትለዋለች። በየቀኑ «ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሻል» ይላታል። በመጨረሻ ሰምታ ስትሮጥ ብትሄድ የመቃብሩ አፈር እንኳ ደርቆ ጠበቃት። መደበቁን ምናልባት ይቅር ትለው ነበር። ያንገበገባት ያ «ሰላም ብለውሻል» የሚለው ነው። «ከሞተች እናቴ ሰላምታ ሲያመላልስልኝ ከረመ» አለች ለጎረቤቱ ሁሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ እንጂ ለእሱ ተናግራ አታውቅም። መጀመሪያ ለመናት፣ ሰው ላከባት፣ እግሯ ሥርም ወደቀ። በኋላ እሱም ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ የእነሱም ዝምታ ሳይነቅዝ ኖረ።

ልጅቷ ፎቶ አንሺ ሆነች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ ነገር አተኩራ ስታይ አንድ ዓይኗን የመጨፈን አመል ስለነበራት አባቷ «ጥቅሴ» ይላት ነበር፤ ስሙም አብሯት አደገ። ትልቁ መንገድ ላይ ባለ ፎቶ ቤት ተቀጥራ በአዘቦት ቀን ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሽሮችን። ባለፎቶ ቤቱ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። «ፎቶ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ፎቶ አንሺው ነው» ማለት ይወዳል።

አንድ እሑድ አዲስ ሌንስ ገዝታ ወላጆቿ ቤት ሄደች። የምትሞክርበት ፊት ፈልጋ ነበርና ሁለቱን መስኮቱ አጠገብ ያለው ረጅሙ ሶፋ ላይ አስቀመጠቻቸው። እንደ ልማዳቸው አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ፤ በመሃላቸው አንድ እንግዳ የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ተቀመጡ።

«ጠጋ በሉ እንጂ» አለች። ጠጋ አሉ። ካሜራው ላይ እንዳቀረቀረች፣ ለሙሽሮች እንደምትለው ሳታስበው ከአፏ አመለጣት፦ «አባዬ፣ እጇን ያዛት።»

አባቷ ወደ ድመቷ ዞረ፤ መላ ትነግረው ይመስል። እናቷ ዓይኗን ከሌንሱ ላይ ሳትነቅል፣ «ለፎቶ ከሆነ ይያዝ» አለች።

ያዛት።

ጥቅሴ ፎቶውን ወደ ስልኳ አስተላልፋ በደንብ ያየችው ወደ ቤቷ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ነው። እናቷ ወደ አባቷ ዘንበል ብላለች፤ ትንሽ ብቻ፣ ሰው ደክሞት ትከሻ ሲፈልግ እንደሚያዘነብለው። አባቷ ደግሞ ሌንሱን ሲያይ የመስኮቱ ብርሃን በአንድ ጉንጩ ላይ አርፎ ምንም ዕዳ የሌለበት ሰው መስሏል። ልጅቷ እነዚህን ሁለት ሰዎች አይታቸው አታውቅም። አውቶቡሱ ውስጥ እንባዋ መጣ፤ አጠገቧ የቆመ ሰው ጎንበስ ብሎ ስልኳን አየና «ወላጆችሽ ናቸው? ታድለሽ» አላት።

ባለፎቶ ቤቱ ፎቶውን ባየ ጊዜ አሳድጎ አትሞ፣ በትልቅ ፍሬም አድርጎ ከመንገድ በሚታየው የፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ባልና ሚስት እየመጡ «እንደ እነዚያ ሰዎች አርጊን» ይሉ ጀመር። ጥቅሴ ወላጆቿ እንደሆኑ ስትናገር ሴቶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፉና፣ እንዲህ ያለ ፍቅር መሃል ማደግ እንዴት ያለ ዕድል እንደሆነ ይነግሯታል። እሷም «አዎ» ትላለች። ሌላ ምን ትበል፤ የሰውን ሁሉ ዓይን አላየህም ይባላል እንዴ?

በየእሑዱ መሄድ ጀመረች። ካሜራዋን ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ፣ በቁም ሳጥኑና በበሩ መካከል ትተክላለች፤ እነሱም ይቀመጣሉ። ሁለተኛው እሑድ ላይ እናቷ የአባቷን ሸሚዝ ተኩሳ ጠበቀቻት፤ የእሱን ልብስ በእጇ የነካችበትን ጊዜ ልጆቹ አያስታውሱም። ሦስተኛው ላይ አባቷ ሳትነግረው ተላጭቶ፣ ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሶ ተገኘ። ጥቅሴ ልቧ በደስታ ጮቤ ረገጠ። ሰው ያላስታረቀውን ካሜራዬ አስታረቀው ብላ ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ግን ፊቱን አጨማደደ። የታክሲ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ በመስታወት የሰው ፊት ሲያይ ስለሚውል በፈገግታ አይሸነገልም።

«አንቺ ፊትሽን ስታዞሪ እጃቸው ይለያያል» አላት። «አይቻለሁ። ውሃ ነክቶት እንደሚያራግፍ ሰው ነው እማዬ እጇን የምታራግፈው።»

ለአንድ አፍታም ቢሆን መያያዛቸው ከምንም ይሻላል ብላ ተከራከረችው። እሱም ከዚህ ሁሉ አንድ ቀን ተጣልተው ቢሰዳደቡ ይሻለኛል አላት፤ በዚሁ ተለያዩ።

እጃቸው ሳይለያይ የቀረው ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ እሑድ ነው። ጥቅሴ አንስታ ስትጨርስ ካሜራዋን ቦርሳ ውስጥ ከተተች፣ ማቆሚያውን አጣጠፈች፣ ወጥ ቤት ገብታ ሻይ አፈላች። ሦስት ኩባያ ይዛ ስትመለስ ሁለቱም እንደተወቻቸው ነበሩ። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ያው ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ፣ ዓይናቸው ካሜራው ቆሞበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ። ድመቷ እግራቸው ሥር ትጮኻለች። ሻዩን አስቀመጠችላቸው፤ አልነኩትም።

«አበቃ እኮ» አለች ጥቅሴ።

የእናቷ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። «አበቃ?» አለች፤ ሩቅ አገር ተኝቶ እንደነቃ ሰው። ያኔ ነው እጇን የለቀቀችው።

ጥቅሴ ይህንን እንደ ቀልድ ወሰደችው። ለወንድሟ ስትነግረውም እየሳቀች ነበር። ሌላም ነገር ነበር ግን ልብ ሳትለው ያለፈችው። አባቷ ወሬኛ ሰው ነበር። ስልክ ስትደውልለት «ጥቅሴ፣ ዛሬ ስንት ሰው አስጨፈንሽ?» ሳይላት አይጀምርም፤ ስለ ሱሪ እግርና ስለ ሰው ዳሌ የሚያወራው አያልቅበትም። አሁን ስትደውል «እህ» ብቻ ይላል። ቤታቸው ስትሄድ ራሱን ይነቀንቃል። ለድመቷ እንኳ የሚነገር ነገር ጠፋ። ጥቅሴ ይህን ሁሉ ሰላም ነው ብላ ተረጎመችው።

አንድ ማክሰኞ የወላጆቿ ጎረቤት፣ ማዕዘኑ ላይ አትክልት የምትሸጠዋ ሴት፣ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ፎቶ ቤት መጣች። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ትንሽ ስትቁነጠነጥ ቆየችና፣ «ልጄ፣ እናትና አባትሽ ተቀይመውኛል እንዴ?» አለቻት።

ጥቅሴ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ጠዋት በመስኮታቸው በኩል ስታልፍ ሰላም ብላቸው ነበር።

«ሶፋው ላይ ናቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ይስቃሉ። ከመስታወቱ እስክደርስ ተጠግቼ እጄን አወዛወዝኩላቸው፤ ዘወርም አላሉ። ትናንትም እንደዚያው ነበሩ። ከገበያ ስመለስም እንደዚያው። ሳቃቸው ራሱ አልተለወጠም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የሰው ቤት ነገር ፈላጊ ነሽ እንዳትዪኝ እንጂ፣ እኔ ፈራሁ።»

ጥቅሴ ሥራውን ለባለፎቶ ቤቱ ትታ ሄደች። በራሷ ቁልፍ በሩን ከፈተች።

እንደተባለው ነበሩ። እናቷ የእሑድ ቀሚሷን፣ አባቷ ግራጫ ኮቱን ለብሰዋል። በሩ ሲከፈት ሁለቱም ፈገግታቸውን ትንሽ ሰፋ አደረጉ፤ ነገር ግን ወደ እሷ አልነበረም። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ምንጣፉ ላይ ጎድጓዳ ምልክት ትቶበት የነበረውን ቦታ ነው የሚያዩት። ከወጥ ቤት የሾርባ ሽታ ይመጣል፤ ገብታ ስታይ ድስቱ ውስጥ ያለው ሾርባ ላዩ ቆዳ አውጥቷል፣ ሁለቱ ሳህኖች ንጹሕ ናቸው፣ የድመቷ ሳህን ባዶ ነው።

«እማዬ!» አለች ተመልሳ።

እናቷ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ተናገረች። «አንሺና ጨርሺ፤ እጄ ደነዘዘ።»

ካሜራ አልያዘችም። «አበቃ» አለች። ምንም የለም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ምንም የለም። በመጨረሻ ስልኳን አውጥታ፣ ምልክቱ ላይ ሄዳ ቆመችና አነሳቻቸው። ስልኩ ቀጭ ሲል ሁለቱም እኩል ተነፈሱ። አባቷ ምንም ሳይል ተነሳና ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ጥቅሴ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ አለች። «ምን እየሆናችሁ ነው?»

«ምን ሆንን?» እናቷ የደነዘዘ እጇን ታሻለች። «ተቀመጥን።»

«ከአባዬ ጋር ታርቀሽ ነው?»

እናቷ ሳቀች። የልብ ሳቅ ነበር፤ ጥቅሴን ይበልጥ ያስፈራት እሱ ነው።

«ከአባትሽ? እኔ ከአባትሽ ጋር ምን አለኝ።» ልጅቷ ቀድሞ አሳትማ ግድግዳው ላይ የሰቀለችላቸውን ትንሹን ፎቶ በአገጯ አመለከተች። «እኔ የምቀመጠው ከዚህኛው ጋር ነው። ዓይኑን እዪው እስቲ። ይህ ሰውዬ ዋሽቶኝ አያውቅም። ሰላም ብለውሻል ብሎኝ አያውቅም።»

«እማዬ፣ አባዬ እኮ ነው።»

«መጀመሪያ አባትሽ ነው፤ ልክ ነሽ። ይቁነጠነጣል፣ ያስላል፣ ሊናገር ይቃጣዋል። ትንሽ ስንቆይ ዝም ይላል። ጭጭ ሲል እጁ ይቀዘቅዝና ያኛው ይመጣል።» ይህን የተናገረችው ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ በሚነገርበት ድምፅ ነበር።

ጥቅሴ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ ብሎ ቀርቷል። አጠገቡ ተንበርክካ ጫማውን አወለቀችለት።

«ብዙ አታናግሪኝ» አላት በሹክሹክታ። «ድምፄን ስትሰማ ትዝ ይላታል።»

«ምን?»

«እኔ መሆኔ።»

የምትይዘው እሱን እንዳልሆነ ያውቅ እንደሆነ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ከየት ትጀምር። እሱ ራሱ ቀደማት። ሁሉንም እንደሚያውቅ፣ ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ እጇ ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ያህል እንደተሰማው ነገራት።

«ታዲያ ለምን ትቀመጣለህ?»

«እጁ የኔ ነዋ» አለ አባቷ። ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «እንዳትተዪን፣ ጥቅሴ። ካሜራውን ካላመጣሽ ትነሳለች።»

ቤቷ ስትደርስ የእሑዶቹን ፎቶዎች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ በተርታ ዘረጋቻቸው። የእናቷ ፊት ከሳምንት ሳምንት እየፈካ ሄዷል። የአባቷ ሸሚዝ ኮሌታ ግን እየሰፋ፣ አንገቱ እየቀጠነ ነው። ከዓይኑ ሥር ያለውን ጥቁረት በኮምፒውተር ያነሳችው ራሷ ናት፤ ከደንበኞች ፊት ላይ ብጉር እንደምታነሳው ማለት ነው። ጉንጩ ሲጎደጉድም ጥላው እንዳይታይ ወደ መስኮቱ ዞር በል ያለችው እሷ ናት። ያልተነካኩትን ፎቶዎች ከፍታ ስታይ፣ በመጨረሻዎቹ ላይ ከንፈሩ የአመድ መልክ ይዟል። በየሳምንቱ አንድ ዓይኗን ጨፍና ስታየው የከረመችውን አባቷን ያኔ አየችው። ወንድሟ ጋ ደወለች።

በማግስቱ ወንድሟ አባታቸውን ሐኪም ቤት ሊወስድ ሄደ። አባት በሩ ላይ ወጥቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ በእጁ እያሳየ፣ ደህና መሆኑን፣ እሑድም እንደሚነጋገሩ አስረድቶ መለሰው። እናት ከኋላው ሶፋው ላይ ነበረች፤ ቦታው እንዳይቀዘቅዝ የምትጠብቅ ይመስል።

እሑድ ሁለቱም ልጆች አብረው ሄዱ። ካሜራውን ሆን ብላ ትታዋለች። ገና በሩን ሲከፍቱ ወላጆቻቸው ተቀምጠው አገኟቸው። የከሰዓት ፀሐይ ሶፋው ላይ ሙሉ ወርዷል፤ ሁለቱም ዓይናቸውን አያርገበግቡም። ወንድሟ «ተነሱ፣ ልንወጣ ነው» አለ። በሁለተኛው ላይ ጮኸ። እናት ፈገግ እንዳለች ነው። አባትም ፈገግ እንዳለ ነው።

ጥቅሴ ቀረብ ስትል የአባቷ ግንባር ላይ ላብ አየች። የፈገግታው አንድ ጫፍ ወደ ታች ተንሸራትቷል። ደረቱ ከኮቱ ሥር በጭንቅ፣ በአጭር በአጭሩ ይወጣል ይወርዳል። የእናቷ ጣቶች ደግሞ የእጁ አንጓ ላይ ነበሩ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ትርታ ስትቆጥር የኖረች ሴት፣ ጣቷ ሥር ያለውን አትሰማም።

ጥቅሴ የእናቷን አገጭ በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ወደ አባቷ አዞረችው።

«እዪው» አለቻት። «እማዬ፣ ወደዚያ አይደለም። እዚህ እዪው።»

እናቷ ተቃወመች፤ አንገቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ ከበዳት። ከዚያ አየችው። ለጥቂት ጊዜ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ ነበረች። ጣቶቿ ግን ከእሷ ቀድመው ተንቀሳቀሱ፤ አንጓውን ጫን አሉት፣ ለቀቁት፣ እንደገና ጫን አሉት። ሙያ ከቂም ይቀድማል። ፈገግታው ከፊቷ ላይ ረገፈ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

ልጆቹ ለእነሱ የተናገረች መስሏቸው ተያዩ።

«አንተን ነው የምጠይቅህ። ደረትህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?»

አባቷ ከንፈሩን ለማላቀቅ ጊዜ ወሰደበት። «ደህና ነኝ» አለ።

«ደህና ነኝ አትበለኝ!» እናቷ ጉልበቱን በጥፊ መታችው። «ደግሞ ልትደብቀኝ! አሁንም አልበቃህም?»

ጥቅሴ በኋላ ስታስታውሰው፣ ያን ቅጽበት ፍርሃቷ ሁሉ ጠፍቶላት እንደነበር ትናገራለች። እናቷ አባቷን «አንተ» ስትለው በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም ነበርና። ወንድሟ ግን አባቱን ተሸክሞ ወጥቷል።

ታክሲው ውስጥ እናት ከኋላ ወንበር ላይ የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ሁሉ ስትሰድበው ሄደች። ውሸታም አለችው፣ ግትር አለችው፣ እናቴን ሁለት ጊዜ የቀበርክብኝ አለችው። እሱ በየመሃሉ «አዎ» ይላል። ዓይኑ ሊከደን ሲል ጉንጩን ትመታዋለች።

«ዝም አትበል። አውራ። ስለ ሱሪ አውራኝ፣ ስለ ፈለግኸው አውራኝ» አለችው። «ዝም ስትል እጅህ ይቀዘቅዛል። ያኛው እንዲመጣ አልፈልግም።»

እሱም በቆራረጠ ትንፋሽ፣ አንድ ወቅት ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍቶ ስለሰጠው የአንድ ሰውዬ ሱሪ አወራት። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ሰውዬው ገና ሱሪውን እየለካ ነበር።

ተረፈ። ልቡ ተጎድቷል፣ ግን ተረፈ። ሐኪሙ እንደነገራቸው ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ቤት ሲመለስ ዕርቅ ወረደ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። የሆነው ግን ጭቅጭቅ ነው። እናት በሆዷ ይዛው የኖረችውን ሁሉ አሁን ለእሱው ታወጣው ጀመር። የእናቷን ሞት ማን እንደነገረው፣ ሲነገረው የት ቆሞ እንደነበር፣ ምን ለብሶ እንደነበር፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ሊጠይቃት ሲገባ በሩ ላይ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደነበር አንድ በአንድ ታስቆጥረዋለች። እሱም ይመልሳል። አንዳንድ ቀን መልሱን ሰምታ ታለቅሳለች። አንዳንድ ቀን ውጣልኝ ብላ ደረጃው ላይ ታስቀምጠውና ብርድ እንዳይመታው ጋቢ ታወጣለታለች። ድመቷ ከሥራ ወጣች። ጎረቤቷ አትክልት ሻጭ ጩኸታቸውን ስትሰማ ተመስገን ትላለች።

ጥቅሴም መስታወቱ ላይ ያለው ትልቁ ፎቶ እንዲወርድ ባለፎቶ ቤቱን ጠየቀችው። አጉረመረመ፤ ደንበኛ የሚጠራለት እሱ ነው። ፊቷን ሲያይ ግን አወረደው። በአሮጌ መጋረጃ ጠቅልላ፣ ገመድ አስራ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጠችው። ባልና ሚስት ለፎቶ ሲመጡ እጃችሁን ተያያዙ ማለት አቃታት። እንደ ፈለጋችሁ ተቀመጡ ትላቸዋለች፤ እነሱም አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ እያዩ ይነሳሉ። ባለፎቶ ቤቱ ገበያዬን ገደልሽው ይላታል።

ወላጆቿ ቤት ባዶ እጇን ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ እጇን የት እንደምታደርገው ይጠፋት ነበር። አባቷ ወሬው ተመልሶለታል፤ ከስቷል፣ በምርኩዝ ይሄዳል፣ ግን ያወራል። ሶፋውን ሌላ ግድግዳ ጋ አዙረውታል፤ ትንሹም ፎቶ ከግድግዳው ወርዷል።

በቅርቡ እንዲህ በሄደችበት አንድ ቀን አባቷ ግቢ ወጥቶ ድመቷን እያበላ ነበር። እናቷ ልብስ ታጣጥፋለች። ድንገት እጇን ገታ አድርጋ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ያኛውስ?»

ጥቅሴ የቱን እንደምትል ገባት። ያልገባት መምሰል ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። «ዕቃ ቤት ነው። በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።»

እናቷ የያዘችውን ሸሚዝ ኮሌታ በጣቷ ስታስተካክል ቆየች።

«እሷ አብራው አለች አይደል?»

«ማን?»

«እሷ ናታ። ከጎኑ የተቀመጠችው።»

ጥቅሴ «አለች» አለች።

«ጥሩ» አለች እናቷ፤ ከትከሻዋ ላይ ሸክም እንደወረደላት ተነፈሰች። «ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።» ሸሚዙን አጣጥፋ አስቀመጠችና በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ ለባሏ በቀጥታ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ ብርድ ሳይመታህ ግባ፣ መድኃኒትህ ሰዓቱ አልፏል ብላ ተጣራች።

መጋረጃው እስከ ዛሬ እንደታሰረ ነው። ባለፎቶ ቤቱ ፍሬሙን ለሌላ ሥራ ፈልጎት ስንት ጊዜ ጠይቋታል። ጥቅሴ ግን ገመዱን ፈትታ፣ ሁለቱም እዚያ መኖራቸውን ለማየት አልደፈረችም።